ያልተመረቀ ቁልፍ

እናቴ መካነ ሰላም ያለውን ቤታችንን ልትሸጥ መሆኑን የነገረችኝ በስልክ ነው። ደሴ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ከመኝታ ክፍላችን ፊት ለፊት ካለው የልብስ ማስጫ ገመድ ሥር ቆሜ ነበር። መጀመሪያ ምሳ መብላቴን ጠየቀችኝ። ቀጥላ ብርድ ልብሱ ይበቃኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቤቱን የሚፈልግ ሰው ተገኝቷል» አለች። እኔም ነገሩን በደንብ እንዳሰበበት ሰው ሆኜ፣ «ጥሩ ነው፣ እማዬ» አልኳት።

ምክንያቱ አዲስ አልነበረም። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ሰፍቷታል። ጉልበቷን ያማታል፤ የሚያያት ሐኪም ደሴ ነው፤ ታላቅ እህቷ ደሴ ነች፤ አሁን ደግሞ እኔም ደሴ ሆንኩ። «ሁላችሁም ወደዚያ ከሄዳችሁ እኔ እዚህ ማንን ነው የምጠብቀው? ግድግዳ?» ትለኝ ነበር። ይህን ስትል ድምፅዋ የቀልድ ነው። ከቀልዱ በኋላ ግን ሁልጊዜ «ጉሙ መጣ፤ መስኮቱን ልዝጋ» ብላ ትሰናበተኛለች።

በዚያ ሰሞን ቤቱ በሕልሜ ይመላለስ ጀመር። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ በሕልሜ ግን ሦስተኛ ክፍል አለው። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ነው፤ ሁልጊዜም እዚያው የነበረ፣ እኛ ግን የረሳነው ይመስላል። አባቴ በዚያ ክፍል ውስጥ ሲባጎ ይዞ ግድግዳውን ይለካል። ጉም በመስኮቱ እየተጠቀለለ ይገባል፤ መስኮቱን የሚዘጋው ሰው የለም። «አባዬ፣ ቤቱ እኮ ሊሸጥ ነው» እለዋለሁ። «ይችን ክፍል አላሳያችኋቸውም አይደል?» ይለኛል ፈገግ ብሎ። ስነቃ የክፍል ጓደኞቼ ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል። ለማንም አልተናገርኩም። የተሸጠ ቤት በሕልም ማየት ደግ ይሁን ክፉ የሚፈታልኝ ሰው እዚያ አልነበረም።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና እንዳለቀ፣ መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ተሳፈርኩ። የበልግ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ እንደ ሽማግሌ እየተጠነቀቀ ነዳ። አቃስታ ስንደርስ ፀሐይ ብቅ አለች፤ ወዲያው ጠፋች። ዓመቱ ዐቢይ ጾምና ረመዳን የተገናኙበት ስለነበር መኪናው ለምሳ ብዙም አልቆመም። «ዘንድሮ የጾሙት ሆቴል ቤቶቹ ናቸው!» አለ ረዳቱ፤ ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። መስኮቱን በእጄ እየጠረግኩ የማውቀውን ባሕር ዛፍ፣ የማውቀውን ድልድይ፣ የማውቀውን መታጠፊያ አንድ በአንድ እያየሁ ነበር። ሁሉም በቦታው አለ። ይህ ለምን እንዳስደነቀኝ አላውቅም።

የግቢያችን በር ቆርቆሮ ነው። መሬቱን ስለሚነካ ትንሽ ወደ ላይ አንስቶ መግፋት ያስፈልጋል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሲታገል ይውላል። የቤቱ በር ደግሞ ሲጥ ይላል። አባቴ ዘይት ሊቀባው ሲነሳ እናቴ ትከለክለው ነበር። «ተወው፤ ማን እንደ መጣ ይነግረኛል» ትለዋለች። እውነቷን ነው። አባቴ ሲገባ አንድ ረጅም ሲጥታ፣ እኔ ስገባ ሁለት አጫጭር፣ ጎረቤታችን ሲገቡ ደግሞ መጀመሪያ የእሳቸው ድምፅ፣ ቀጥሎ የበሩ።

እኒህ ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው። ከእናቴ ጋር በአንድ ሰሞን ሙሽራ ሆነው ወደ ሠፈሩ ገብተው፣ በአንድ ሰሞን ባሎቻቸውን ቀበሩ። በሁለታችን አጥር መካከል ሰው ሹልክ ብሎ የሚያልፍበት ክፍተት አለ። ጨውም፣ ክብሪትም፣ ወሬም፣ ልጅም በዚያ ሲያልፍ ኖሯል።

የዚያን ቀን ስገባ ሁለቱ ቁጭ ብለው ዕቃ በማዳበሪያ ጆንያ ያስሩ ነበር። ጎረቤታችን ቀና ብለው፣ «መጣሽ? ማሻአላህ! ከስተሻል፤ ትምህርቱን ነው የምትበይው?» አሉኝ። እናቴ ሳመችኝና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ከትከሻዋ በላይ ግድግዳውን አየሁ። የአባቴ ፎቶ ተነሥቶ፣ ቦታው ላይ ከሌላው ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀርቷል። ግድግዳችን በጋዜጣ የተለጠፈ ነው። ከአልጋዬ ራስጌ ያለው ገጽ ተገልብጦ ነው የተለጠፈው፤ እኔ ማንበብ የለመድኩት አንገቴን አዙሬ በዚያ ገጽ ነው። አሁንም ትልልቆቹ ፊደላት ጭንቅላታቸውን ወደ ታች አድርገው ያዩኛል። ክፍሉ ባዶ ስለሆነ ስንነጋገር ድምፃችን ዞሮ ይመጣል፤ በሌላኛው ክፍል የሚመስሉን ሌሎች ሰዎች የሚያወሩ ይመስል።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እናቴ በሠፈሩ የምትታወቀው በምርቃቷ ነው። ተማሪ ፈተና ሲቀመጥ፣ ሙሽራ ስትወጣ፣ አረብ አገር የሚሄድ ልጅ ሻንጣውን ሲያነሣ ደጃችን ይቆማል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። እናቴ እጇን ትዘረጋለች፤ ቃሉ ከየት እንደሚመጣላት እንጃ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የተሰፋ ልብስ ይመስላል። እኔን ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሸኘኝ፣ «ውሃ ሲጠማሽ ምንጭ፣ ሰው ሲጠማሽ ወዳጅ አያሳጣሽ» ብላኛለች። የመጀመሪያውን ሌሊት በማላውቀው አልጋ ላይ ያን ቃል ደጋግሜ ለራሴ ብዬ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

የስም ዝውውሩ ቀን ጠዋት ካፊያ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ አወለቀች፤ እንደገና ለበሰች። ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ገዢውና ባለቤቱ ቀድመውን ቆመው አገኘናቸው። ገዢው ገበያው አጠገብ ጫማ የሚሸጥ ወጣት ነጋዴ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ ከሱቁ ጀርባ በኪራይ ክፍል፣ በጫማ ካርቶን ተከበው ነው የኖሩት። «ስገላበጥ ጫማ ይወድቅብኛል፤ አንድ ቀንም ቢሆን በልኬ አልወደቀም» ብላ ባለቤቱ አስቃናለች። ረመዳኑ ሳያልቅ በራሳቸው ቤት ማፍጠር ነበር ምኞታቸው። ክፍያው በባንክ አልቋል። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር፤ እኛ እንደዚያ መስሎን ነበር።

ሠራተኛው ወረቀቱን እያገላበጠ ጠየቃት።

«እናቴ፣ በፈቃድዎ ነው የሸጡት?»

«በፈቃዴ ነው።»

«ማንም አላስገደደዎትም?»

«ጉልበቴ» አለች እናቴ።

ሠራተኛው ቀና አለ።

«ጉልበቴ ነው ያስገደደኝ። ከቻልክ እሱን ክሰሰው።»

ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። እናቴ እስክሪብቶውን ተቀብላ፣ ፊደሎቹን እንደ ስፌት አንድ በአንድ እየወጋች ፈረመች። የመጨረሻዋን ፊደል ጽፋ እጇን አላነሣችም። «ጨርሰዋል፣ እናቴ» አላት ሠራተኛው በቀስታ።

ወጥተን በረንዳው ላይ እንደቆምን ገዢው ጫማውን አወለቀ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባኝ። ከባለቤቱ ጋር ጎን ለጎን ሆነው እጃቸውን ዘረጉ። ለምስክርነት የመጡት ሁለት ሽማግሌዎችም ዘረጉ። «እትዬ፣ እንግዲህ ይመርቁን» አለ። በእኛ አገር ውል ቢፈረም፣ ገንዘብም ቢከፈል፣ ሻጭ ከልቡ መርቆ ካልሰጠ ገዢ ቤቱን አግኝቻለሁ ብሎ እንቅልፍ አይተኛም። እናቴ እጇን ዘረጋች። እኔ «አሜን» ለማለት አፌን አዘጋጅቼ ነበር።

ምንም አልመጣም።

ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ቃል የለም። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይንጠባጠባል። አንደኛው ሽማግሌ ሊረዷት ፈልገው፣ «አሜን» አሉ በባዶው። እናቴ እጇን ሰበሰበች። «ጉሮሮዬ ደርቋል» አለች። «ቤት ስትመጡ።» ገዢው «እሺ እትዬ፣ ችግር የለም» አለ፤ ጫማውን ሲያጠልቅ ግን ፊቱ ልክ እንደ ሰማዩ ሆኖ ነበር።

ቤት እንደተመለስን ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ጠቃሚ ሰው መሆን ፈለግኩ። መጥረጊያውን አነሣሁና ባዶውን ክፍል ከጥግ እስከ ጥግ መጥረግ ጀመርኩ፤ ለሚገቡት ሰዎች ንጹሕ ይሁን ብዬ። ጎረቤታችን በአጥሩ ክፍተት ሹልክ ብለው ሲገቡ አዩኝ፤ ጮኹ።

«ያ ረቢ! ተይ፣ ተይ! ሰው እየወጣ ቤት ይጠረጋል? እናትሽን ከአቧራው ጋር ልታወጫት ነው?»

መጥረጊያውን ጣልኩት። የወጣ ሰው ተመልሶ እንዲመጣ ከኋላው ቤት እንደማይጠረግ ከልጅነቴ የማውቀው ነገር ነው፤ እንዴት እንደረሳሁት እንጃ። እናቴ ግን አልተቆጣችም። «ተያት» አለች። «እሷ ምን ታድርግ? እኔም የምይዘው ጠፍቶኛል።» ጎረቤታችን ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል? የሠፈሩን ዶሮ ሳይቀር ስትመርቂ ኖረሽ እነዚህን ልጆች ትነፍጊያቸው?»

«አልነፈግኳቸውም።»

«አብሽሪ እንግዲህ። ደሴ ቅርብ ነው። ደግሞ እኔ ቤቴን እስካልሸጥኩ ድረስ ጎረቤቴ አንቺ ነሽ፤ ካላመንሽ የቤቴን ካርታ እዪው፣ ‹በምዕራብ የሚያዋስነው› ተብሎ የተጻፈው የባልሽ ስም ነው። እኔ አልደልዘውም፤ ማዘጋጃው ይምጣና ይደልዘው!»

እናቴ ሳቀች። ጎረቤታችን ሲሄዱ ግን ሳቁም አብሯቸው ሄደ። አጠገቧ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። መጠየቅ ፈርቼ ነበር፤ አለመጠየቅ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

«እማዬ፣ ለምን አቃተሽ?»

ዓይኗን የአባቴ ፎቶ ወደነበረበት ግድግዳ አዞረች።

«‹ኑሩበት› ልላቸው ስጀምር ከውስጤ አንድ ነገር ‹እኔስ?› ይለኛል። ከአፍ ብቻ የወጣ ምርቃት ሰው ቤት አይጣልም። ከልብ ካልሆነ ከእርግማን አይሻልም። እነዚህ ልጆች ምን በደሉኝ?»

«እኔ ቃሉን ብጀምርልሽስ? አንቺ ትቀጥይበታለሽ።»

«ልጄ፣ ምርቃት እኮ ፈተና አይደለም፤ በቃል አይጠናም» አለችና ራሴን ዳበሰችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ደሴ መሳፈሪያችን ነበር። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ ፈራሁም። እናቴ ሳትመርቅ ከሄደች ቤቱ በወረቀት ይሸጣል እንጂ ከእሷ አይወጣም። እስከ ደሴ ተሸክማው ትሄዳለች፤ በእህቷ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጣ በየምሽቱ የዚህን ቤት መስኮት በሐሳቧ ስትዘጋ ትኖራለች።

ከሰዓት በኋላ ገዢው ዕቃውን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ካርቶኖቹ ላይ ላስቲክ ቢያለብሱም ዝናቡ እየገባባቸው ነበር። እናቴ ቁልፉን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ገዢው ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር ቆሞ አልገባም አለ። ውሃው በትከሻው ላይ ይወርዳል።

«ግባ እንጂ፣ ልጄ! ትበሰብሳለህ።»

«እትዬ፣ ወረቀቱን ማዘጋጃው ሰጥቶኛል። ቤቱን የሚሰጡኝ ግን አንቱ ነዎት። ቁልፉን በደረቁ አልቀበልም።»

«በደረቁ? ውሃ እየወረደብህ?» አለች ባለቤቱ ከጋሪው ጋ። ጋሪ ነጂው ሳቀ፤ ፈረሱም አንገቱን ነቀነቀ። ገዢው ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

እናቴ እጇን እንደገና ዘረጋች። እንደገና መለሰችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ዕቃችሁን አስገቡ» አለች። «ልጅቷ ደክሟታል፤ ጾም ነች። ቁልፉ ይህ ነው።» አልተቀበላትም። በመጨረሻ ቁልፉን ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለችው፤ አባቴ ኮፍያውን የሚሰቅልበት ሚስማር ነው። «ይቆይ እዚያው፣ እትዬ። አልነካውም» አለ ገዢው። እኔና እናቴ በአጥሩ ክፍተት አልፈን፣ የዚያን ቀን ወደምናድርበት ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄድን። ከኋላዬ የማላውቀው ሲጥታ ሰማሁ፤ የማን እንደሆነ በሩ ገና አልወሰነም ነበር።

አመሻሹ ላይ ዝናቡ አባርቶ ጉሙ ከከተማው ዳር ካለው ገደል ወደ ሠፈራችን መውጣት ጀመረ። በእኛ አገር የበልግ ጉም አመጣጡ እንደ እንግዳ ነው፤ መጀመሪያ አጥሩን፣ ቀጥሎ ግቢውን፣ ከዚያ ቤቱን ይጎበኛል። ጎረቤታችን ማፍጠሪያቸውን ለማሰናዳት ጓዳ ገብተው ያንጎዳጉዳሉ። እናቴ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ጉሙን ታያለች። ድንገት ተነሣች።

«መስኮቱን ሳልዘጋው» አለች።

ለማን እንደተናገረች አላውቅም። ነጠላዋን እያስተካከለች በክፍተቱ ሹልክ አለች። በዚያ ሰዓት፣ ጉሙ ሲመጣ፣ መስኮቱን መዝጋት የዘወትር ሥራዋ ነው፤ እግሯ ነው የወሰዳት። ልጠራት አስቤ ተውኩት። ተከተልኳት። ግቢያችን በጉም ተሞልቶ ሕልሜን ይመስል ነበር። ሦስተኛውን ክፍል ባየው እንኳ የሚገርመኝ አይመስለኝም።

መስኮቱ ተዘግቷል።

እናቴ ፊት ለፊቱ ቆመች። በእንጨቱ ስንጥቅ ብርሃን ይታያል። ከውስጥ በዘይት የሚጠበስ ነገር ሽታና የሴት ሳቅ ይመጣል። ሌላ ሰው፣ ማንም ሳይነግረው፣ ጉሙ ሲመጣ መስኮቱን ዘግቶታል። እናቴ እጇን በእንጨቱ ላይ አደረገች፤ መዘጋቱን ለማረጋገጥ ይሁን ለመሰናበት አልገባኝም። ከዚያ ወደ በሩ ሄደች። ልትገፋው እጇን አነሣችና አየር ላይ አቆመችው። ያን በር አንኳኩታ አታውቅም። ጣቷን አጠፈች፤ በቀስታ አንኳኳች።

«ቤቶች!» አለች።

ከውስጥ ሳቁ ተቋረጠ። የገዢው ባለቤት ድምፅ መጣ፣

«ደጆች! ቤት ለእንግዳ! ይግቡ፣ ይግቡ!»

በሩ ሲጥ አለ። ልጅቷ እናቴን ስታይ ደነገጠች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እትዬ፣ አንቱ ነዎት እንዴ? በገዛ ቤትዎ ደግሞ—» ብላ ቃሉን ዋጠችው። እናቴ ደፉ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየች። ካርቶኖቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። አልጋችን ይቆምበት በነበረው ቦታ ምንጣፍ ተነጥፏል። ግድግዳው ላይ የኔ የተገለበጠ ገጽ አለ። ቁልፉ ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው።

«የት ልቀመጥ?» አለች እናቴ።

በሕይወቴ ይህን ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ቦታዋ ሁልጊዜ በበሩና በጓዳው መካከል፣ ለመነሣት በሚመች በርጩማ ላይ ነበር።

«እዚህ፣ ከላይ» አለ ገዢው ፍራሽ እያስተካከለ። እንግዳ ሁሉ የሚቀመጥበት፣ እሷ ግን ተቀምጣበት የማታውቀው የላይኛው ጥግ ነው። ተቀመጠች። ጉልበቷን ዘረጋች። ቀስ ብላ ዙሪያውን፣ ጣራውን፣ በሩን ተመለከተች።

«ለካ ከዚህ ሲያዩት ሰፊ ነው» አለች። «ያን ሁሉ እንግዳ እዚህ ሳስቀምጥ ኖሬ፣ ምን እንደሚያዩ አላውቅም ነበር።»

አዛኑ ተሰማ። ገዢው ተምር የያዘ ሳህን አነሣ፤ ለራሱ ሳይወስድ ለእናቴ አቀረበላት። ባለቤቱ ሳምቡሳ አመጣች። «የምስር ነው፤ ከዘይት በቀር የነካው የለም። ጾምዎን አውቃለሁ» አለች።

«አንቺ ልጅ» አለች እናቴ፣ «በመጀመሪያ ቀንሽ አሳፈርሽኝ።»

በላን። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት። ልጅቷ «ይጨመር»፣ «በሞቴ» ትላታለች፤ እናቴ «በቃኝ»፣ «ጠገብኩ» ትላለች። ሁለቱም ቃላቸውን አሳምረው ያውቁታል፤ የተለዋወጡት ቦታውን ብቻ ነው። እናቴ ጣቷን ታጥባ ስታበቃ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ በልቶ እንደጠገበ የትልቅ እንግዳ ልማድ እጇን ዘረጋች። እኛም ዘረጋን።

«ያበላችሁኝን ይተካላችሁ።»

«አሜን።»

«ይህ በር ሥራ አይፍታ። የሚገባበት ይብዛ፤ የሚወጣበት በደኅና ይመለስ።»

«አሜን!»

«ጣራው ዝናቡን ይከልክልላችሁ፤ እንግዳውን አይከልክልባችሁ። ጉም ሲመጣ መስኮታችሁን የሚዘጋ ልጅ አያሳጣችሁ።»

«አሜን!»

«እኔ እዚህ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ቀብሬ ኖሬአለሁ።» ወደ ግድግዳው ቀና አለች። «ደስታዬን ከግድግዳው ውሰዱት፤ ትቼላችኋለሁ። ሐዘኔን እኔ ይዤው እሄዳለሁ። ኑሩበት። ኑሩበት፣ ልጆቼ።»

«አሜን!» አለ ከበሩ ሌላ ድምፅ። ጎረቤታችን ደፉ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ ፊታቸው በእንባ ርሷል። «አሜን! አሜን! እኔን ማፍጠሪያ አስቀርባችሁ፣ ወላሂ፣ እዚህ ትመራረቃላችሁ?» ልጅቷ እየሳቀች ተነሥታ ቦታ ለቀቀችላቸው።

እናቴ ስትነሣ በሩ ጋ ቆም አለች። ቁልፉን ከሚስማሩ አውርዳ ለገዢው ሰጠችው። እሱ በሁለት እጁ ተቀበላት፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጇን ሳመ።

ልጅቷ እስከ ግቢው በር ሸኘችን። በሩን ልትከፍተው ስትገፋ እንቢ አላት። እናቴ የልጅቷን እጅ ይዛ ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠችው። «ወደ ላይ አንሺው። ትንሽ ነው፤ እንደ ሕፃን ብብቱን ይዘሽ። አሁን ግፊው።» ሁለት ጊዜ አልሆነላትም። በሦስተኛው ተከፈተ። እናቴ ወጣች፤ ከውጭ ሆና በሩ ሲዘጋ አዳመጠች። «ችላለች» አለችኝ።

ጠዋት ተሳፈርን። ጎረቤታችን የመኪናውን መስኮት በእጃቸው እየደበደቡ የመጨረሻ ስድባቸውንና የመጨረሻ ዱአቸውን አወረዱብን። ከአቃስታ በኋላ ጉሙ መጣ። እናቴ ራሷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ አሸለበች። እኔ ቤቱን ሳስብ ነበር፤ የተገለበጠውን ገጽ ነገ ማን እንደሚያነበው። ጉጉፍቱ አካባቢ መኪናው ሲንገጫገጭ እናቴ ዓይኗን ሳትከፍት ተናገረች።

«ማታ የበላንበት ቤት» አለች፣ «ደግ ቤት ነው።»

«አዎ፣ እማዬ» አልኳት።

መልሳ ተኛች።